የጓያ እንፋሎት

ጥር 19፣ ማክ.፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሰባተኛው የጓያ ቱቦ ውሃው ውስጥ ገባ። ውሃው እየፈላ ነው። አርብ ገበያ ከተማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃዋ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። መብራት የለም። ቡታጋዙ ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ።

ደብተሬ፣ የመመረቂያ ጥያቄዬን ከረሳሽው ልድገምልሽ። የጓያ መርዝ ጭራ አለችው። ጭራዋ አንደኛው ናይትሮጅን ላይ ስትቀመጥ እግር ይሰብራል። ሲሞቅ ወደ ጎረቤቱ ናይትሮጅን ትዛወራለች፤ ያኔ መርዙ ይለዝባል። ይሄ የታወቀ ነው። እኔ የምፈልገው አኳኋኗን ነው። ተበጥሳ ሌላ ሞለኪውል ላይ ትለጠፋለች? ወይስ ሳትለቅ እዚያው ትሻገራለች? የምትበጠስ ከሆነ ሳቀጥነው መዘግየት አለባት፤ ሌላው ሞለኪውል ይርቃታላ። አሥር እጥፍ አቀጠንኩት።

ከቀኑ 10 ሰዓት

አልዘገየችም! ሦስት ጊዜ ደገምኩ፣ ያው። ሳትለቅ ነው የምትሻገረው። መንገድ ሳይወጣ በጓሮ በኩል ብቅ እንደሚል ጎረቤት። ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። አከራዬ በር አንኳኩተው ምን ሆንሽ አሉኝ። ኬሚስትሪ ነው አልኳቸው። እግዜር ይማርሽ ብለው ሄዱ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ገበያ። እትዬ ዝማም ከቁልቁለቱ መንደር በአህያ መጡ፤ ንፍሮ ከምሰበስብባቸው አሥራ አንድ ቤቶች የመጨረሻዋ፣ ከመንደራቸውም ብቸኛዋ ናቸው። የጓያ ንፍሯቸውን በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ። ክፍሌ ገብተው ጓያ እየፈላ ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ጎተቱ። የጓያ እንፋሎት እግር ይሰብራል፤ እዚህ አገር የማያምነው የለም።

ሳቅኩ። እጄን እንፋሎቱ ላይ ዘረጋሁ። መርዙ አይበርም፣ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ ምንም አያደርግም አልኳቸው። በማርያም? አሉ። በማርያም አልኩ። ሦስቴ አስማሉኝ። በመጨረሻው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንፋሎቱ መስሎኛል።

አንድ ጉድ ፍርሃት ከአገሬ ነቀልኩ። ጥሩ ቀን።

ጥር 24፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ያሥራ አንዱንም ቤት ንፍሮ ጠብታ፣ መርዙን በነጥብ በሚለየው ስስ ፕሌት ላይ አወጣሁ። ቀለም አውጪውን ርጭት ስረጨው ሁለት ሐምራዊ ነጥብ ይወጣል፤ ላይኛው የለዘበው መርዝ፣ ታችኛው የሚሰብረው። የእትዬ ዝማም ሁለቱም ነጥቦች የደበዘዙ። ከሁሉም ቤት የነጡ፤ መርዙ ጥቂት ነው ማለት ነው። ስልክ ደወልኩላቸው። ረጅም ጊዜ ነው የምቀቅለው አሉ። «ረጅም ማፍላት» ብዬ መዘገብኩ። ለአማካሪዬ ነገርኩ፤ ጎበዝ አሉኝ። ነኝ እንጂ!

ጥር 27፣ ረቡዕ

የነነዌ መዝጊያ። እትዬ ዝማም ጠርተውኝ ቤታቸው ዋልኩ። ወንድማቸው አያ ምስጋናው በሁለት ምርኩዝ ተነሥተው ተቀበሉኝ። በጉብዝናቸው፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣ ጓያ ሰበራቸው። ከዚያ ወዲህ ሞፈር አልጨበጡም። ፌዝ ይወዳሉ፤ አራት እግር ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ።

እትዬ ዝማም ፊታቸው በርቷል። ሳቅ በሳቅ ናቸው። ንፍሮው ይጣፍጣል፤ ጨምሬ ጨምሬ በላሁ። ለፕሌቴም ጥቂት ቋጠርኩ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

የረቡዕ ንፍሮ። ሁለቱም ነጥቦች ጠቁረዋል። ያች የነጣች ቤት!

ፕሌቱን ሰደብኩ። ደገምኩ። ያው።

ከሰዓት። ገባኝ! ጭራዋ ተመልሳለች። ምላሹ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ንፍሮው ሲያድር መርዙ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሙሉ ምዕራፍ። ርዕሱን ሁሉ ጻፍኩ።

ማታ 12 ሰዓት። ርዕሱን ሰረዝኩት። ጭራዋ ብትመለስ ታችኛው ነጥብ ይጠቁራል፣ ላይኛው ይነጣል። ሁለቱም ሊጠቁሩ አይችሉም። ቦታ የለወጠ ነገር አይበዛም፣ አያንስም። እንግዲያ የመጀመሪያውም ቀን ማፍላቱ አይደለም ያነጣው። መርዙ ከድስቱ ወጥቷል። በየት?

ራሴ ባገኘሁት ሕግ ራሴ ተያዝኩ። ራስ ሳይጠና ጉተና።

የካቲት 3፣ ማክ.

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ቁልቁለቱን ወረድኩ። ዛሬ የሄድኩ ልጠይቅ ሳይሆን በዓይኔ ልመለከት ነው። እትዬ ዝማም ጓያ ጣዱ። ውሃው ተመጦ እስኪያልቅ ቀቀሉ፣ አወጡ፣ አለቀ።

ድሮም እንዲህ ነበር? አልኩ። ኧረ ወዲያ አሉ። ድሮማ በእኛ መንደር አንድ ጊዜ ሲፈላ ከነክዳኑ ጓሮ ይወጣል፤ ማንም አጠገቡ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎት ያደረበት ውሃ ነው ተብሎ ይደፋል። ከዚያ በአዲስ ውሃ እንደገና ይቀቀላል። አንቺ ከነገርሽኝ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ጣጣ ቀረልኝ። ምንጩ ሩቅ ነው፣ እንጨቱም ጭንቅ። እግዜር ይስጥሽ።

ቆሜ ቀረሁ። መርዙ በእንፋሎት አይወጣም፤ በውሃው ይወጣል። ፍርሃታቸው ስህተት ነበር፣ ሥራቸው ግን ትክክል። እኔ ስህተቱን ስነቅል ትክክሉንም አብሬ ነቀልኩት። በማርያም ብዬ ምዬ።

ይህን ለማን ለማን ነግረዋል? አልኩ። ለጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ሁሉ አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ውሃ ሊቀዳ ምንጭ ለሚወርደውም ሁሉ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሃምሳ አምስት ቀን፣ በዚህ መንደር ጓያ በየማዕዱ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቀላሉ መንገድ አለ። ተሳስቻለሁ፣ እንፋሎቱ በእርግጥ ይሰብራል ልበላቸው። ነገውኑ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር። ማንም አይጎዳም። ይሄንኑ ወስኜ ጠዋት ወረድኩ።

እትዬ ዝማምን ምንጭ ላይ አገኘኋቸው። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ጀመሩ። ያን ክፉ ዓመት እሳቸው ትንሽ ልጅ። አያ ምስጋናው ምድጃ ዳር ተኝተው ነበር። የጓያውን ድስት ክዳን እትዬ ዝማም ከፈቱ፣ እንፋሎቱ ወንድማቸው እግር ላይ። በወሩ የወንድማቸው እግር ታሰረ። ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ያች ምርኩዝ በተሰማች ቁጥር፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ እያሉ ኖሩ። ለማንም አልተናገሩም። አንቺ በማርያም ብለሽ ስትምዪልኝ ከላዬ ድንጋይ ወረደ አሉኝ።

ያ እንባ የእንፋሎት አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፣ ደብተሬ፤ ምን ልደብቅሽ።

ውሸቱን ዋጥኩት። ቤት ገብተን ለሁለቱም ሙሉውን ነገርኳቸው። እንፋሎቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ነው ክፉው፣ እኔ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ሄድኩ አልኩ። አያ ምስጋናው፣ በዚያ ዓመት ምንጩ ደርቆ ነበር አሉ። አንዲት ጠብታ የሚደፋ ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ የጓያውን ውሃ ከነሙቀቱ እጠጣው ነበር፣ ከእህቴ ድርሻ ጭምር፤ እሷ አትወደውም ነበርና። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ፦

«አንቺ ዝማም፣ ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ያን ሁሉ ዘመን እኔን ቀና ብለሽ ማየት የተውሽ?»

እትዬ ዝማም ተነሡ። ሄደው የወንድማቸው ጉልበት ላይ ተደፉ። እኔ ወጣሁ።

የካቲት 6፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ተወሰነ። ዛሬ ገበያው መሐል ሁለት ድስት ይዤ እቆማለሁ፤ አንዱ ውሃው የተደፋ፣ አንዱ ያልተደፋ። ሁለቱንም ፕሌት አሳያለሁ። ተሳስቼ ነበር እላለሁ፣ በዚሁ አፌ። እሑድም ከቅዳሴ በኋላ፣ ካህናቱ ከፈቀዱ። አማካሪዬ ጭራዋን ብቻ ጻፊ ይሉኝ ይሆናል። ጭራዋንም እጽፋለሁ፣ ውሃውንም እጽፋለሁ፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁና።

ሰው ይሰማኛል? አፍስሳ የምትለቅም ዶክተር ብለው ይስቁ። ይሳቁ። እየሳቁም ቢሆን ውሃውን ይደፋሉ።

በር ተንኳኳ። የምርኩዝ ድምፅ ነው፣ ሁለት። አያ ምስጋናው ቁልቁለቱን በአህያ ወጥተው መጥተዋል፤ እትዬ ዝማም አጠገባቸው፣ ድስት ተሸክመው። አንቺን ባይሰሙ እኔን ያያሉ ይላሉ። ልሂድ፣ ገበያው ጀምሯል።