የየኔታ ድምፅና ወፍራሙ ሽቦ

ጥር ፰፣ ንፋስ መውጫ

ለጥምቀት ታቦቱን የሚያጅበውን ፒክአፕ ሽቦ ዛሬ ዘርግቼ ጨረስኩ። ሦስት አምፕሊፋየር ነው የተጫነበት። ለእያንዳንዱ ከባትሪው ቀጭን ሽቦ መሳብ ይቀለኝ ነበር፤ አላመንኩትም። ሦስቱ አብረው ሲሠሩ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ድምፁም ይደክማል። ስለዚህ አንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ስቤ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገብቼ፣ ከኋላ ለሦስቱ አከፋፈልኩት። ራሴ "አንድ፣ ሁለት" ብዬ ስሞክረው ጥርት አለ።

ከሰዓት በኋላ የኔታ መጡ። በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ ያለ ማይክ ሲያዜሙ ከወንዙ ማዶ ይሰሙ ነበር። ዛሬ ማይኩን ይዘው አንድ ሃሌታ ጀመሩ። በስፒከሮቹ የወጣው ሻካራ ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግመው ሞከሩ። ያው ነው።

ማይኩን እያገላበጡ፣ "ልጄ፣ ሽቦው ይሆን እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ የኔታ፣ ሽቦው ቀጥኖብኝ ነው። ወፈር ባለ እቀይረዋለሁ" አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ አለ። "በል እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገ መጥቼ እሞክረዋለሁ" ብለው ሄዱ።

ከዚህ የወፈረ ሽቦ እዚህ ከተማ የለም። ቢኖርስ የደከመው ሽቦው መቼ ሆነና።