ካላመንከኝ ቆጣሪውን ጠይቀው

አባዬ፣ ለነፍስህ ሰላም ይሁን። ከሄድክ ዘጠነኛ ወርህን ያዝክ። አርባህንም ሰማንያህንም አውጥተናል፤ የቀረን ሙት ዓመትህ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ያልጻፍኩልህ ኀዘን ይዞኝ ብቻ እንዳይመስልህ። ተናድጄብህ ነው። የሞተ ሰው ላይ መናደድ እንዴት ያለ ነገር መሰለህ! የሚጮኹበት የለም፣ በር ጓ አድርገው ቢወጡም የሚሰማ የለም።

እማዬ ደህና ናት። ስኳሯ አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ ኢንሱሊኗን እኔው እወጋታለሁ። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ የከለከለ ሰው የለም፣ እንዲያው አይቀመጡበትም። ሬዲዮህን እማዬ ከጠዋት ጀምራ ትከፍተዋለች እንጂ ስትሰማው አላየኋትም። እኔም አሁንም እዚያው ኢምፔሪያል ያለው ፋርማሲ ነው የምሠራው። የመብራቱን ነገርማ ምን ልበልህ፣ ደብዳቤውን ያስጀመረኝም እሱ ነው።

አንተ ባለህበት ቤት መብራት በርቶ አያመሽም ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ስንቴ ጨለማ ውስጥ አስቀርተኸኛል! ሰው አለ ብዬ ስጮህ፣ ሰው ካለማ ያስላል ትለኝ ነበር። ሳሎን ቁጭ ብለን ወጥ ቤት «ቀጭ» ሲል እንሰማለን፤ አንተ ነህ፣ ማጥፊያውን ነክተህ እያለፍክ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች በጨለማ ቆማ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ጣቴን ያስቆርጠኛል እያለች ታጉረመርማለች።

አልፈርድብህም። ዕድሜህን ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ስትፈትሽ ኖረህ ጡረታ የወጣህ ሰው ነህ። ከገበያ ገበያ እየዞርክ፣ ኪሎ የሚያጎድለውን ሁሉ ላብ ላብ እያስባልክ። ሰውዬው የሚምለውን ትቶ መሣሪያው የሚለውን ማየት ከሥራህ የለመድከው ነው። እቤት ስትመጣም አልተውከውም።

ቦይለሩን ከደሞዜ አጠራቅሜ ያስገባሁት ለጉልበትህ ብዬ ነበር። ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ ማቃሰትህ መኝታ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። መጀመሪያ የታጠብክበት ቀን ፎጣ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ ወጣህና «ጥሩ ነው» አልክ። ከአንተ አፍ ይሄ ብዙ ነው፣ ያን ቀን ሥራ ቦታ ለሁሉም አወራሁት። በወሩ ግን ቢሉ መጣ፣ እጥፍ ሆኖ። በሚቀጥለው ወር ከእጥፍም አለፈና የጡረታህን ግማሽ ይዞ ሄደ።

ያን ቅዳሜ አስታወስከው? ሥራ ስሄድ ቦይለሩን ሳላጠፋ እንደምሄድ ነገርከኝ። ጠየቅከኝ አላልኩም፣ ነገርከኝ። አጥፍቼው ነው የምሄደው አልኩህ። ቢሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ ቁጥሩን በጣትህ መታ መታ አደረግክና፣ ማብራትሽ አይደለም የሚያንገበግበኝ፣ ውሸትሽ ነው አልከኝ። እኔስ መች ዝም እላለሁ፣ የማን ልጅ ሆኜ! «ካላመንከኝ ቆጣሪውን ጠይቀው!» ብዬ በሩን ጓ አድርጌ ወጣሁ።

ጠየቅከው። በዚያ ጉልበትህ በየቀኑ ከአራተኛ ፎቅ እየወረድክ፣ ደረጃ ሥር ያለውን ሳጥን ከፍተህ ቆጣሪውን ስታነብ ሰነበትክ። ቆጣሪው ደግሞ መሰከረብኝ። የቦይለሩን ብሬከር ነቅለህ ደበቅክ፤ ቆጣሪው ግን መሮጡን አልተወም። ያኔ ካውያውን ጠረጠርክ፣ ቀጥለህ የፀጉር ማድረቂያዬን። የስንቱን ነጋዴ ሚዛን ስትጠረጥር የኖርክ ሰው፣ ይሄን አንዱን ቆጣሪ ለመጠርጠር አላሰብክም። ከእሱ ይልቅ እኔን መጠርጠር ቀለለህ።

ከዚያ ወዲያ ተኮራርፈን ከረምን። ጠዋት ስነሳ ግን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ተቀምጦ አገኛለሁ። በቡታጋዝ አሙቀህ ነው። ምንም አትለኝም፤ እኔም ምንም ሳልልህ እታጠብበትና ባዶውን ባልዲ እዚያው እመልሰዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በመካከላችን የነበረው ነገር ይሄ ባልዲ ብቻ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተነስቼ ሳይ ባልዲው የለም። ጭራሽ እሱንም ተወው ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ። በንዴት በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ ፀጉሬን እያደረቅኩ ሳለ ነው እማዬ ከመኝታ ቤት ስሜን የጠራችው። አጠራሯ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ልብስህን ለነዳያን ስናወጣ ብሬከሩን ካፖርትህ ኪስ ውስጥ አገኘሁት፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ። አልመለስኩትም። ቦይለሩ ሞቶ፣ አንተም ሄደህ፣ ቢሉ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጨመረ። ሁለት ሴቶች ነን አባዬ፣ አንዷ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ፣ አንዷ ሬዲዮ ከፍታ ቁጭ ያለች! አንድ ቀን እማዬ ቀስ ብላ፣ ልጄ፣ እኔ ሳላይ የምትሰኪው ነገር አለ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እሷም? መኝታ ቤቴ ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ መብራት ኃይል ቢሮ መመላለስ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ሲስተም የለም ተባልኩ። በሁለተኛው የሚመለከታቸው ሰው ስብሰባ ገብተዋል። በሦስተኛው አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና፣ ንባቡ ትክክል ነው፣ ያላቃጠላችሁትን ቆጣሪው ከየት ያመጣዋል አለችኝ። አንተን የሰማሁ መሰለኝ። ቆጣሪው ይፈተሽልኝ ብዬ ድርቅ ስል ማመልከት የሚችለው ባለ ስሙ ብቻ ነው አለች። ባለ ስሙ አንተ ነህ። አርፏል አልኳት። ነፍስ ይማር ብላ ከልቧ አዘነች፤ አዝና ስታበቃ ደግሞ፣ ታዲያ ውክልና ሰጥቶሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወይ ጉድ! ስታርፍ ምነው ውክልና አልጻፍክልኝም?

ስሙ ወደ እማዬ ይዙር ብል፣ ስም የሚዞረው ያልከፈልነው ውዝፍ ሲከፈል ነው አሉኝ። የምንከራከረው ደግሞ በዚያው በውዝፉ ነው። አልከፍልም ብል ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ የእማዬ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይበላሻል። ጥርሴን ነክሼ ከፈልኩ። ከፍዬ ስመለስ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አምጪ ተባልኩ፤ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደግሞ ዛሬም ይገፋል፣ ነገም ይገፋል። ቢሉ ግን ቀጠሮ አያውቅም፣ ወር በገባ ቁጥር ከች ነው። ደሞዜን በእጄ እየቆጠርኩ ያላቃጠልኩትን ስከፍል፣ አዎ ዋሽቼ ነበር ብዬ የምፈርም ይመስለኝ ነበር። ብቻዬን እንደተዘጋብኝ ነው የኖርኩት፤ በሩን የዘጋህብኝ ደግሞ አንተ ነበርክ።

ባለፈው ወር እህትህ አሟት እማዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከመውጣታችን በፊት እልህ ያዘኝና ያለውን ሁሉ ነቀልኩ፣ ፍሪጁን ሳይቀር። ኢንሱሊኑን በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ውስጥ ያዝኩት። ስንወርድ የቆጣሪውን ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ስምንት ቀን ቆይተን ላምበረት ከአውቶቡስ ወረድን፤ ሠፈር ስንደርስ ሻንጣዬን እንኳ ፎቅ ሳላወጣ በቀጥታ ሳጥኑን ከፈትኩ። ቁጥሩ ቤታችን ድግስ የተደገሰ ይመስል ሮጧል። እማዬ ስልኬን አየች፣ ቆጣሪውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ይቅር በይኝ ልጄ ብላ እዚያው ደረጃው ሥር አቀፈችኝ።

በማግስቱ ጌቱ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። እሱ ታች ሳጥኑ ጋ ሆኖ የእኛን ቆጣሪ ማጥፊያ ወደ ታች አወረደው። እኔ ሳሎን ቆሜ እጠብቃለሁ። መብራቱ አልጠፋም፤ ሬዲዮህም ወሬውን ቀጠለ። ከላይ ከአምስተኛ ፎቅ ግን «ኬኬን! ኬኬን!» የሚል የሴት ጩኸት ሕንፃውን አናወጠው። ሜላት ናት፤ በትዕዛዝ ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ ተከራይ። ዱቄት በዱቄት ሆና ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ሁለት ትልልቅ ኦቨን አላት። እዚህ ሕንፃ የገባችው መቼ እንደሆነ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እኔ ቦይለሩን ያስገባሁበት ሳምንት!

ሽቦው ከመጀመሪያው ተዛንፏል አባዬ። በአንተ ስም ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው የላይኛውን ቤት ነው፣ የእኛን ደግሞ የላይኛው። ከሜላት በፊት የነበሩት ሰዎች እንደኛው ቆጣቢ ስለነበሩ ነው ያልታወቀው። እዚህ ሕንፃ በኖርክበት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አጥፉ! አጥፉ!» ስትል የቆጠብከው ለአምስተኛ ፎቅ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በሣቅ ፈረስኩ። ሣቄ መቼ ወደ ልቅሶ እንደዞረ እንጃ፤ ኬኩ የተበላሸባት ሜላት እኔን ታባብለኝ ጀመር።

ነገሩ አልቋል ብዬ አልዋሽህም። ቆጣሪው የታሸገ ነው፣ ከቢሮው ሰው በቀር ማንም አይነካውም፤ ቢሮው ደግሞ ባለ ስሙ ይምጣ ነው የሚለው። እስከዚያው ከሜላት ጋር በቃል ተስማማን፤ በአንተ ስም የሚመጣውን እሷ ትከፍላለች፣ በላይኛው ቤት ስም የሚመጣውን እኔ። የእኛን እውነተኛ ቢል ብታየው ለጎረቤት ሁሉ እየዞርክ ታሳይ ነበር። ሜላት ዓርብ ዓርብ የጾም ኬክ ታመጣልናለች። እማዬ ስኳር ስላለባት እየበላሁ የምወፍረው እኔ ነኝ።

ሁሉም አወቀልኝ፤ እማዬ፣ ጌቱ፣ ሕንፃው ሁሉ። የቀረኸው አንተ ነህ። ፎቶዎቹን ይዤ ሳሊተ ምሕረት መቃብርህ ድረስ ሄድኩ፣ እንዳትስቅብኝ። ስልኬን ከፍቼ ቁጥሩን ወደ ሐውልትህ አዞርኩት። አጠገቤ ሻማ የሚያበሩ ሁለት እናቶች አይተውኝ አማተቡ። አፍሬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ተመለስኩ።

ከእኔ ይልቅ ቆጣሪውን ማመንህ አሁንም ያንገበግበኛል፣ አልደብቅህም። ግን ባልዲው ትዝ ሲለኝ ንዴቴ ሁሉ አፌ ላይ ይቀራል። ውሸታም ናት ብለህ አምነህ፣ ልብህ በእኔ ተሰብሮ፣ ማልደህ እየተነሳህ ውሃ ታሞቅልኝ ነበር። በዚያ ጉልበትህ ጎንበስ ብለህ በሩ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። እኔ እውነቱ ከእኔ ጋር ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርክ አላልኩህም።

ብሬከሩን ትናንት ጌቱ ቦታው መለሰልኝ። ዛሬ ጠዋት ከቦይለሩ በሙቅ ውሃ ታጠብኩ። ባልዲው ግን አንተ በምታስቀምጥበት፣ በሩ ላይ ነው ያለው። እማዬ መንገድ ዘጋ ብላ ልታነሳው ነበር፣ አይሆንም አልኳት። እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ከዚያ አይነሳም፤ አገባሁም ወጣሁም ይዤው እሄዳለሁ። መሐረብህንም አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ከቤት ስወጣ አንተ እንደምታደርገው ወጥ ቤቱን፣ ሳሎኑን፣ ሽንት ቤቱን «ቀጭ፣ ቀጭ» እያደረግኩ ነው የምወጣው፤ መጨረሻ ላይ ቦይለሩን።

ያን ቅዳሜም አጥፍቼው ነበር፣ አባዬ። ለውሃው እግዜር ይስጥልኝ።

ልጅህ ሰናይት