ቀጥቃጩን ማን ያበረታዋል?

ጥር 5
ዛሬም ስለ ቀጥቃጩ ስሞታ። ባለመዶሻው ገጸ ባህሪያችን... "በእሱ የተጫወተ ሁሉ ያሸንፋል፣ ጨዋታው ሞተ" ብለው ይጽፋሉ። የኮምፒውተር ጨዋታውን ከሃሩን ጋር ነው የሠራነው፣ ካንሳንጋ ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል። የመጀመሪያው ውድድራችን ደርሷል። የምቱን ክብደት ቀነስኩ። ሃሩን "ቀስ በይ" አለኝ። ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ፣ በልተን ተለያየን።

ጥር 8
እስቲ ልሞክረው ብዬ በቀጥቃጩ ገባሁ። ምቱ እንደ ድሮው ከባድ ነው። ረስቼ ይሆን? እንደገና ቀነስኩ። ለሃሩን አልነገርኩትም። ለምን አልነገርኩትም?

ጥር 11
የምቱ ክብደት ተመልሷል።
ሰርቨሩን የምንነካው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ አይደለሁም። እንግዲህ...
ታናሽ እህቱ ኻሊዳ ለውድድሩ ተመዝግባለች። የምትጫወተው በማን ነው? በቀጥቃጩ። መዶሻውን አንዴ ካነሳች አታወርደውም። እስካሁን የቻላት የለም።

ጥር 12
ስገባ ላፕቶፑን ከደነ። "ምን እየሠራህ ነው?" "ምንም።"
ኻሊዳ ምሳ ይዛለት መጣች። ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ የኔንም ጨምራ። ውሃ ልቀዳ ስነሳ ሹክ ተባባሉ። የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ይሆናል... በላሁ፣ አልጣመኝም።

ጥር 15
አላስችል አለኝ።
"ቀጥቃጩን የምትመልሰው አንተ ነህ?"
"አዎ።" እንዲሁ በቀላሉ።
"ለኻሊዳ ብለህ?"
ጃኬቱን አንስቶ "ተነሺ" አለኝ። በቦዳ ሞተር ካትዌ ሰፈር ሄድን፣ ብረት ሠሪዎች ከሥራ መልስ የእኛን ጨዋታ ወደሚጫወቱበት ቤት። አብዛኞቹ ቀጥቃጩን ይመርጣሉ፣ የራሳቸውን ሰው ስለሚመስል። ግን ይሸነፋሉ። መዶሻው እስኪነሳ ይወድቃሉ።
"አንዳንዴ ሲሳካላቸው ደስ የሚላቸው የምቱ ክብደት ነው" አለ ሃሩን። "እሱን ነው የቀነስሽባቸው። ስሞታ የሚጽፉልን ጎበዞቹ ናቸው። እነዚህ አይጽፉም፣ ዝም ብለው ይተዉታል።"
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ነገርኩሽ እኮ። ቀስ በይ አልኩሽ።"
እውነቱን ነው? ለእነሱ ነው ወይስ ለእህቱ? ሁለቱም ይሆናል...

ጥር 18
አንድ ነገር መጣልኝ። ክብደቱ ይቆይ። የመጀመሪያው ምት ይፍጠን፣ ለጀማሪ። ኻሊዳ የምታሸንፈው ምት በማከታተል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ይዘግይ።
ለሃሩን አሳየሁት። "ጥሩ ነው" አለ። እህቱን የሚጎዳ ነገር፣ ትንሽ እንኳ አልተከራከረም። ለምን? ይሄም አጠራጠረኝ። ምን ነክቶኛል?

ጥር 27
ውድድሩ። ኻሊዳ ስትቀመጥ ሰው ሁሉ ቀጥቃጩን ይጠብቃል። ቀስተኛዋን ገጸ ባህሪ መረጠች። በእሷ ተጫውታ አታውቅም። በመጀመሪያው ዙር ወጣች።
ቦርሳዋን አንስታ ወደ እኔ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሔሊና፣ አሁን ውድድሩ ንጹሕ ነው?" አለችኝ።
እንደጠረጠርኳቸው ነግሯታል ማለት ነው።

ጥር 28
ሃሩን የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ቀይሮ ላከልኝ። "ከእንግዲህ አንቺ ብቻ ንኪው።" ቢሮ አልመጣም። ደወልኩ፣ አላነሳም።

የካቲት 3
ሙየንጋ፣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ኻሊዳ ናት። ግቢም ተመለሺም አላለችኝም።
"በአዲሱ ቀጥቃጭ ግጠሚኝ" አልኳት።
"ለምን?"
"አጥፍቻለሁ። ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም።"
ተቀመጥን። አሸነፈችኝ። ደግማ አሸነፈችኝ። በሦስተኛው ሳቋ አመለጣት። ሃሩን ከጓዳ ወጥቶ ከኋላችን ቆመ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ።
"ሁለተኛው ምት አሁንም ይፈጥናል" አለ።
"የማን ወንድም ነህ አንተ?" አለችው ኻሊዳ።
ላፕቶፔን ከፍቼ አቀበልኩት። "አስተካክለው።"
"አታዪም?"
"እየተጫወትኩ ነው።"
ሁለተኛውን ምት ምን ያህል እንዳዘገየው አላየሁም። እስካሁንም አልጠየቅኩትም።