የቡጢ ጣቶች

ኅዳር 6
የተማሪ ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ልጄን ቡጢን ሳጥባት የጣቶቿ ጫፍ እንደገና ጠቁሯል... ትኩሳቱም አለ። አባቷ፣ "ብርድ ነው" አለ። ብርድ ብቻውን የሁለት ዓመት ልጅ ጣት ያጠቁራል? "ጀርም ነው" ተብሎ የታዘዘላትን መድኃኒት ሁሉ ጨርሰናል፤ ጀርሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ኅዳር 9
የባሌ እህት መጣች። ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ በር ላይ አስቆምኳት።
"ልጅቷን እንዳትነኪያት።"
"ምነው፣ መርዝ ነኝ እንዴ?"
በሩን ዘጋሁባት። ጀርሙ ከውጭ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

ኅዳር 15
ቡጢ ሆስፒታል ተኛች። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጣቶቿን አገላብጦ አየና፣ "ካልተሻላት ጫፋቸው ይቆረጣል" አለ። ስለ ሱሪ እግር የሚያወራ ነው የሚመስለው! ወጣቷ ሐኪም ግን፣ "ባለፈው ወር የላክነው የደም ምርመራ ይምጣ" አለች። እግዜር ይስጣት።

ኅዳር 21
የደሙ ውጤት መጣ። ጀርም የለም!
ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። "የዲኤንኤ ቦታው የሕዋሱ አስኳል ውስጥ ነው። ከአስኳሉ ውጭ ከተገኘ ሕዋሱ 'ቫይረስ ገባ' ብሎ ደወል ይደውላል፤ ሰውነት ለውጊያ ይነሳል። አንዳንዴ የራሳችን ዲኤንኤም ፍርፋሪው ወዲያ ወዲህ ይወድቃል፤ እሱን የሚጠርግ አለ። የቡጢ ጠራጊ ከልደቷ ጀምሮ አይሠራም።"
"ታዲያ ጠላቱ ማነው?"
"ማንም። ሰውነቷ የራሱን ፍርፋሪ ጠላት ብሎ ሲዋጋ የጣቶቿን ደም ሥር ጎዳው።"
ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ። በባሌ እህት ፊት በር መዝጋቴ... አፈርኩ።

ኅዳር 22
ደወሉን ዝቅ የሚያደርግ ክኒን አለ። ግን እውነተኛ ቫይረስ ሲመጣም ደወሉ በደንብ ላይሰማ ይችላል... ጉንፋን እንኳ ሊጥላት ይችላል። አባቷ፣ "ከነፍሷ ጣቷ አይበልጥም፤ ይቆረጥ" አለ። አለቀሰም። ሐኪሟን ጠየቅኩ፤ ቢቆረጥስ ይቆማል? "አይቆምም። ወደ ሌሎቹም ይሄዳል።" ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል። ክኒኑን ስጧት አልኩ። ፈርቻለሁ።

ታኅሣሥ 3
ቡጢ ክኒኗን ይዛ ቤት ገባች። የባሌ እህት ቤት ሄድኩ። "አሁንስ መርዙ ለቀቀኝ?" አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ አቀፍኳት።

ጥር 11
ጠዋት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ከዚያ ሳል። አምላኬ፣ ከሰው ሁሉ እኔ? አክስቷን ጠራሁ፤ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ዘጋሁ። ቡጢ "እማ!" እያለች በሩን ደበደበች። አልከፈትኩም... በሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

ጥር 16
ትኩሳት አልያዛትም። እስካሁን። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ጫፏ አልተረፈችም። የሌሎቹ ግን መልካቸው ተመልሷል፤ ይሞቃሉም ትለኛለች አክስቷ። ማታ ከበሩ ወዲያ ሆና ተቆጣችኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ መንቆራጠጥሽን ተይ! ልጅሽ በልታ ተኝታለች። እኔ አለሁ፤ ተኚ።"
ተኛሁ። እስኪነጋ አልነቃሁም።