ማታ ለሌለበት መሥሪያ ቤት

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ብቃት ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ለሁለቱ ዓይኖችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ማንሣቴ በምክንያት ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ለታላቅ ወንድሜ በጻፈለት ብቸኛ ደብዳቤ ከሁሉ አብልጦ ያሳሰበው የዓይን ጤና ስለነበረ፣ እኔም ከደግነትዎ ልማር ብዬ ነው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ሲነዳ ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪና ኋላ ገብቶ የሞተው ሾፌር ታናሽ ወንድም ነኝ። እቤት የሚጠራው «ወንድም ጋሼ» ተብሎ ነበር። እኔ ስለው ሰምታ የለመደችው እናታችንም አንዳንድ ጊዜ ተሳስታ «ወንድም ጋሼ፣ ና ብላ» ትለውና ራሷ ትስቅ ነበር። የእርስዎ ባለሙያዎች ስለ አደጋው የጻፉት ሪፖርት ግን ሌላ ስም ሰጥቶታል። «ተሽከርካሪው ሕጋዊ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ሲሆን፣ የአደጋው መንስኤ የአሽከርካሪው ትኩረት ማነስ ነው» ይላል። በአራት ቁጥር መስኮት ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቼ ሦስቱንም ጊዜ «ነገ ና» ስለተባልኩ፣ አሁን በአደባባይ የምጽፍልዎ ያቺ አንዲት መስመር እንድትሰረዝ ነው። ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ምስጋናዬን ግን ሳላቀርብ ብቀር ነውር ይሆንብኛልና በተራ በተራ እነሆ።

አንደኛ፤ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ወንድሜ መኪናውን ለዓመታዊ ምርመራ ሲያቀርብ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አብሬው ነበርኩ። የቀድሞው የፊት መስታወት በጠጠር ተሰንጥቆ የዳቦ ቤቱ ባለቤት በሌላ አስቀይረውት ነበር። አዲሱ መስታወት ቀን ቀን ሲያዩት እንከን የሌለው፣ ጥርት ያለ ነው። ሲመሽ ግን አንዱን መብራት ሁለት ያደርገዋል። ከእውነተኛው በላይ አንድ ደብዘዝ ያለ መንትያ ያስቀምጥለታል፤ የመንገዱን ነጭ መስመር ደግሞ መሐሉ ላይ እንደ እባብ ያጣጥፈዋል። ወንድሜ ይህንን ለመርማሪዎ በትሕትና አስረዳቸው። እሳቸውም መስታወቱን በእስክሪብቶ ጫፍ ሁለቴ መታ መታ አድርገው «ድምፁ ጤነኛ ነው» አሉ። «ችግሩ ማታ ነው ጌታዬ» ቢላቸው፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ግቢ ማታ የለም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን» ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ሁሉ ነገር ውስጥ ዛሬም የሚያስጠላኝ የራሴ ሳቅ ነው። ቅጹ ላይ ስለ መስታወት ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረ፤ «የተሰነጠቀ» እና «ያልተሰነጠቀ» የሚሉ። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረጉና የዓመቱን ቦሎ መስታወቱ ላይ ለጠፉ። አንዱ ማዕዘን አልጣበቅ ቢል አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው አሹት። የጣታቸው አሻራ ከቦሎው ጥግ ላይ እስካሁን አለ። መሥሪያ ቤትዎ ለወንድሜ ደኅንነት ከደከመው ድካም ሁሉ ትልቁ ያ ምራቅ እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር አፌ ውስጥ መጥፎ ነገር ይሞላል።

ሁለተኛ፤ ስለ ዓይን ምክርዎ አመሰግናለሁ። ወንድሜ በአዳራሹ ሳቅ ሳይቀየም ለጽሕፈት ቤትዎ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፈ። ከአሥረኛ ክፍል ካቋረጠ ወዲህ ከዕቃ ማስረከቢያ በቀር ጽፎ ስለማያውቅ ፊደሉን ያረምኩለት እኔ ነኝ። መብራቱ እንዴት ሁለት ሆኖ እንደሚታየው በእኔ ማስመሪያ ሥዕል ሠርቶ አያያዘበት። በሁለተኛው ወር የመጣለት መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «አመልካቹ የዓይን ምርመራ እንዲያደርግ ይመከራል» የሚል። ታዛዥ ሰው ነበርና ሄደ። የዓይን ሐኪሟ የመጨረሻዋን ትንሽ መስመር አልፎ የፊደል ሰሌዳው ግርጌ ያለውን የማተሚያ ቤት ስም ሲያነብባት፣ «አንተ ልጅ፣ ሂድ ወደ ሥራህ! የታመመ ዓይን ካለ ሌላ ቦታ ነው» ብላ እየሳቀች ወረቀት ጻፈችለት። ወረቀቱ በአራት ቁጥር መስኮት ገብቶ «ደርሷል» የሚል ማኅተም ተመታበት። ከደረሰ በኋላ የት እንደሄደ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሦስተኛ፤ ስለ ቦሎው ኃይል አመሰግናለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላሉ ሰዎች፤ እኔ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰውም ያለ ጥፋቱ እንዳይወቀስ እጠነቀቃለሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከምርመራው በፊት ልባቸው ግማሽ መንገድ መጥቶ ነበር፤ ለመስታወት ገጣሚው «እስቲ ሌላ ፈልግ» ብለውት እንደነበር እኔው ሰምቻለሁ። ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ግን ወንድሜ ነገሩን ባነሣ ቁጥር በጣታቸው ወደ ቦሎው እየጠቆሙ «መንግሥት ያሳለፈውን መስታወት እኔ ማን ነኝና እጥላለሁ?» ይሉት ጀመር። እውነታቸውን ነው። እርስዎ ባይለጥፉት ኖሮ መስታወቱ መጥፎ መስታወት ነበረ፤ ስለለጠፉት ሕጋዊ መስታወት ሆነ። የሚያየው ሰው ደግሞ ሕገ ወጥ ሆነ።

አራተኛ፤ ወንድሜን አዲስ ሙያ ስላስተማራችሁት አመሰግናለሁ። ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ሰው ሲነሣ ዳቦው ሱቅ መድረስ አለበት። በዕረፍት ሰሞን አብሬው እየሄድኩ ሣጥን አወርድለት ነበር። ሲነዳ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ነው፤ በግራ በኩል ታች ላይ መስታወቱ የማይዋሽባት መዳፍ የምታህል ቦታ አግኝቶ ነበር። አንገቱ እየደረቀ ሲያስቸግረው እናታችን ብርድ መቶት መስሏት በሞቀ ጨርቅ ታሽለት ነበር፤ እሱም እንዳትፈራ ብርድ ነው ይላት ነበር። ያቺ ቦታ ሩቁን አታሳይም። ለሩቁ ሕግ አወጣ። መንገድ ላይ መብራት ባየን ቁጥር «እውነት ወይስ ውሸት?» ይለኛል፤ እኔም «ታችኛው እውነት፣ ላይኛው ውሸት!» እላለሁ፤ «ጎበዝ! ደብዛዛው የውሸት ነው፤ እሱን ተወው» ይላል። እንደ ጨዋታ ነበር የያዝነው። አንድ ሰው በየሌሊቱ ካየው ነገር ግማሹን እንዳያምን ራሱን ሲያሠለጥን አጠገቡ ተቀምጬ ነጥብ እቆጥር ነበር።

ያን ዕለት አብሬው አልነበርኩም፤ ፈተና ነበረብኝ። የሆነውን የነገረን ለቅሶ ቤት ድረስ የመጣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። በሞተር ሳይክል ከአዳር ሥራው ሲመለስ ከወንድሜ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። የሞተሩ የኋላ መብራት ደማቅ ቀይ ነው። ከሱ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ባለው መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪናው ቆሟል፤ ከኋላ መብራቶቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱንም ጭቃ ሸፍኖት ደብዝዟል። ታች አንድ ደማቅ ቀይ፣ ላይ፣ ልክ የውሸቱ መንትያ በሚቀመጥበት ቦታ፣ አንድ ደብዛዛ ቀይ። ወንድሜ በሕጉ መሠረት ደብዛዛውን ተወው። ባለ ሞተሩ ጭነት መኪናው ጋ ሳይደርስ ወደ ሠፈሩ ታጠፈ። ደማቁ መብራት ጠፋ፤ ደብዛዛው ግን ባለቤቱ ሄዶም እዚያው ቀረ። ወንድሜ ያኔ ገባው። እንደገባው የማውቀው የፍሬኑን ምልክት አስፋልቱ ላይ ሄጄ ስለለካሁት ነው፤ በእኔ እርምጃ አራት ነው። ትኩረት ያነሰው ሰው አራት እርምጃ ፍሬን አይዝም፤ ባለሙያዎችዎም ሜትር ይዘው መጥተው ነበርና ይህንን ሳያዩት አልቀሩም ብዬ አምናለሁ።

አምስተኛ፤ እናቴን ከልጇ ጋር ስላጣላችኋት አመሰግናለሁ። ሪፖርቱ ሲደርሰን ጥጉ ላይ የብርጭቆ ክብ ነበረበት፤ አንድ ሰው ሻዩን አስቀምጦበት ኖሯል። ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ እንደ ሞኝ ሳልዘል አነበብኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶዋ ተለወጠ። ድሮ «ልጄን» ብላ ታለቅስ የነበረችው፣ «ምን ነበረበት ልብ ቢል? ምን ነበረበት ቀስ ቢል?» እያለች ፎቶውን ትቆጣ ጀመር። ጎረቤትም ነገሩን አላሳደረውም፤ «ስልክ ሲያወራ ነው አሉ» ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላ ከማን ጋር ሲያወራ እንደነበር ሁሉ ታወቀ። የወንድሜ ስልክ ያን ዕለት እቤት ቻርጅ ላይ እንደነበረ ብናገር ማን ይስማኝ? እናንተ በማኅተም ተናግራችኋል፤ እኔ በአፌ ነው የምናገረው።

መስታወቱ ግን አልተሰበረም። ገጣሚው በደንብ ስላላጣበቀው በግጭቱ ጊዜ ከነቦሎው ተፈንቅሎ ወጥቶ ሣር ላይ ወደቀ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ውሰደው፣ ዓይኔ አይየው» ስላሉኝ ከጋጋሪው ጋር በጋሪ አምጥተን ግቢያችን ውስጥ አስቀመጥነው። ባለፈው ሳምንት፣ የፊዚክስ መምህሬ እንዳስረዱኝ፣ በሁለት ወንበር መሐል መኪና ላይ በነበረበት አኳኋን አጋድሜ አቆምኩትና፣ ሲመሽ እናቴን ከኋላው አስቀምጬ ሁለት የእጅ ባትሪ ይዤ ወደ ግቢው መጨረሻ ሄድኩ። አንዱን ባትሪ አብርቼ «ስንት ይታይሻል?» አልኳት። «ሁለት» አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ባትሪ በእርጥብ ጭቃ ቀብቼ ከመጀመሪያው ከፍ፣ የውሸቱ መብራት በሚታይበት ልክ አድርጌ አበራሁትና «አሁንስ?» አልኳት። «ያው ሁለት ነው፤ ምን ለወጥክ?» አለችኝ። ተመልሼ ሁለቱንም ባትሪዎች ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። የጭቃውን ባትሪ ለረጅም ጊዜ በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውለው ቆየችና፣ «አይቶታል ለካ» አለች። «ልጄ አይቶታል። እንዳታምነው ብለውት ነው እንጂ።» ከዚያ ሪፖርቱ ከደረሰን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድም ጋሼ ብላ ጠርታ አለቀሰችለት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስትሆን በሁለት ባትሪና በአንድ ምሽት ያረጋገጠችውን፣ ጽሕፈት ቤትዎ በዚያ ሁሉ መሣሪያና ባለሙያ፣ ጥሩ ቀን እያበራለት፣ ሊያየው ስላልቻለ በጣም አዝናለሁ። ወንበሮቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። በሚመችዎ ምሽት ብቅ ቢሉ ባትሪውን እኔ እይዝልዎታለሁ። ስንት እንደሚታይዎት ይነግሩኛል፤ ስንት እንደያዝኩ አሳይዎታለሁ። ከዚያ በኋላ «ትኩረት ማነስ» የምትለዋን መስመር በገዛ እስክሪብቶዎ ይሰርዟታል፤ መርማሪዎ መስታወት የሚመቱበትም እስክሪብቶ ቢሆን ግድ የለኝም።

ለዘመናት የማይደበዝዝ ሥልጣን፣ በምራቅ ተጣብቆ የማይላቀቅ ወንበርና ማታ የማይመጣበት የሥራ ዘመን እየተመኘሁልዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የዳቦ መኪናው ሾፌር ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለዓይን ሐኪሟ፣ ደግማ እንድትስቅ፤
ለዳቦ ቤቱ ባለቤት፤
ለእናቴ፣ ይህንንም ሳልዘል አነብላታለሁ።

ማሳሰቢያ፦ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሦስቱን ጊዜ «ነገ ና» ስባል ቆሜ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ባለሙያዎቻችን በትክክል ማየት ስለማይችሉ ምርመራ አይካሄድም» ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማየት አልቻልንም ብለው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ባለሙያዎች በትኩረት ማነስ ተከሰው አያውቁም። ለወንድሜም አዲስ ቃል መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ ከበርዎ ላይ ያለውን ገልብጠው ሪፖርቱ ላይ ይጻፉለት፤ «በትክክል ማየት ስለማይችል» ይበሉለት። ማን እንዳሳወረው እኔ እጨምርበታለሁ።