አፈሩን ከግድግዳው ያራቁት ሚስተር አምብሮዝ ሄዝልዲን

የቤትና የአትክልት ስፍራ አርክቴክት የነበሩት ሚስተር አምብሮዝ ሄዝልዲን፣ ከአባታቸው ከሚስተር ጆብ ሄዝልዲንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉዊዛ ታፕሴል፣ በእንግሊዝ አገር በሰሪ አውራጃ ጎዳልሚንግ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1869 ተወለዱ።

በመንደራቸው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ለንደን ከአንድ አርክቴክት ዘንድ ገብተው ሙያውን ለመዱ፤ በ1895 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ሌላው ቤቱን ሠርቶ በተረፈው መሬት አበባ ሲተክል፣ እርሳቸው አስቀድመው የአትክልቱን ቦታ በችካልና በገመድ ይለዩና ቤቱን ኋላ ያስገቡ ነበር። ቤት ከአበባ መሃል የበቀለ መምሰል አለበት ብለው ስለሚያምኑም የአበባውን መደብ ከግድግዳው አስጠግተው እስከ መስኮቱ ሥር ከፍ ያደርጉት ነበር። በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጽጌረዳውን አፍንጫው ሥር ያገኘዋል። ባለጸጋው ሁሉ ይህን ወዶ ተሻማባቸው።

በ1898 ከወይዘሮ ሙሪየል አስኩ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ሄስተርን አፈሩ። ለሚወዷቸው ባለቤታቸው በሠሩት ቤት መደቡን ከሁሉም አስበልጠው ከፍ አደረጉት። አፈሩ ከመሠረቱ በላይ የተነጠፈውን የእርጥበት መከላከያ አልፎት ሄደ። ይህ እንደማይገባ ያውቁ ነበር፤ አበባው አሳወራቸው እንጂ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ማላብ ጀመረ፤ ወይዘሮ ሙሪየልም በደረት ሕመም ተያዙ። ሐኪማቸው፣ «ሚስተር ሄዝልዲን፣ ይህ አፈር ካልተነሣ የእኔ መድኃኒት ምን ሊረባ ነው?» ሲሏቸው፣ «በጋ ሲመጣ ይደርቃል» ብለው መለሱ። በጋው ሳይመጣ፣ በ1909 ክረምት፣ ባለቤታቸው አረፉ። ሄስተር አክስቷ ዘንድ አደገች፤ ከዚያ ወዲህም አባቷን «ሚስተር ሄዝልዲን» እንጂ «አባዬ» ብላ አልጠራችም። ይህ አንጀታቸውን በላው።

ከዚያ በኋላ ዋና ሥራቸው የሠሯቸውን ቤቶች እየዞሩ አፈሩን አንሡ ብሎ መለመን ሆነ። የሰሟቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙው ሰው ሽማግሌው ጃጁ ብሎ ሳቀባቸው። የልጅ ልጃቸው ክፉኛ የሚያስልባቸው ወይዘሮ ፖምፍሬት እንኳ፣ «ያኔ ለምነው አስተከሉኝ፤ ዛሬ ደግሞ ለምነው ሊነቅሉብኝ? ጽጌረዳዬን አላስነካም!» ብለው በራቸውን ዘጉባቸው።

ባለፈው የካቲት ሚስተር ሄዝልዲን ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ዝናብ እየወረደባቸው፣ የወይዘሮ ፖምፍሬትን መደብ መቆፈር ጀመሩ። ወይዘሮዋ ተቆጥተው በስልክ ሄስተርን አስጠሩ። ሄስተር ልትወስዳቸው መጥታ አባቷን ጭቃ ውስጥ አገኘቻቸው፤ የሕፃኑንም ሳል በመስኮቱ ሰማች። ካፖርቷን አወለቀችና፣ «አባዬ፣ በቃህ። አካፋውን ወዲህ በል» አለቻቸው። አፈሩን የጨረሰችው እርሷ ናት። ወይዘሮ ፖምፍሬትም መጨረሻ ላይ፣ እንደ ተኮሳተሩ፣ ሻይ ላኩላቸው።

ብርዱ ሳንባቸውን መትቷቸው ሚስተር ሄዝልዲን በሄስተር እቅፍ ውስጥ ሆነው መጋቢት 11 ቀን 1936 በ67 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ሄስተርና እህታቸው ወይዘሮ ኦገስታ በሐዘን ቀርተዋል።

እርሳቸው በሠሩት ቤት የምትኖሩ ሁሉ፣ ዛሬ ከቀብር ስትመለሱ የመኝታ ቤታችሁን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ለነገ አታሳድሩት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ጋር፣ ደረቅና ብሩህ በሆነ ስፍራ ያሳርፍልን።