የብየዳ ምርቃት

ማሪዬታ፣ ሐሙስ ኦክቶበር 9

ማናጀሩ ፋብሪካችን ለጦር መርከብ በሚሠራው ግድግዳ ላይ ለሠራተኛ ሰዓት የሚወጣውን ሌበር ኮስት ቀንሺ ካለኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሰዓቱ የት እንደሚባክን ዛሬ አገኘሁት፤ ምነው ባላገኘሁት! አንጋፋው በያጃችን ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። የብየዳው ውፍረት ስድስት ሚሊሜትር በተባለበት ሁሉ ስምንት ይበይዳሉ። ትርፉ ሙቀት ብረቱን ያጣምመውና ሁለት ሰዎች ሲያቃኑት ይውላሉ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ ድሮዊንጉ እኮ ስድስት ነው የሚለው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ሁለቷ ምርቃት ናት። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ሰው ይተኛል።»

ዲኬተር ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ሲገዙ እንኳ «መርቂልኝ» ሳይሉ አይወጡም፤ ምን ብዬ ላስረዳቸው? የተጣመመው ብረት ላይ ማስመሪያ አስደገፍኩና በመሀል የገባውን ብርሃን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ደጋግመው አዩት።

ከምሳ በኋላ አንዱን ግድግዳ ልክ በስድስት በየዱት። ለካሁት፤ ብረቱ ቀጥ ብሏል። በደስታ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ።

እሳቸው ግን እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ጓንታቸውን አውልቀው ብየዳውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ልክ ነው» አሉኝ። «ግን አልተመረቀም።»